ደሜ ላይ የረጋው ቅቤ

ነሐሴ 14

ይህን ደብተር የገዛሁት የምበላውን እንድጽፍበት ነው። ዛሬ ለስኳር ክትትል ሆስፒታል ተሰልፈን ሳለ ሩፋይዳ የምትባል ልጅ አንዳንዶቻችንን እየጠራች አነጋገረችን። የመጣችው ከወልቂጤ፣ ከዩኒቨርሲቲው ነው፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ጥናቷ ስኳር ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ቅባት ምን እንደሚሆን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት በባዶ ሆዳችን ደም ትወስዳለች። እስከዚያ የበላነውን፣ የዋጥነውን ኪኒን፣ የተሰማንን ሁሉ እንድንጽፍ ነገረችን። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ድርሰት እወድ ስለነበር እሺ አልኩ።

ጠዋት፦ ምንም፤ ፍልሰታ ነው። ምሳ፦ ሽሮ። ማታ፦ ቆጮ በጎመን። ኪኒን፦ የጠዋቱን ውጫለሁ፣ የማታውን ረስቻለሁ።

የተሰማኝ፦ ድካም። ሾፌር ሁሉ ይደክመዋል።

የዚህ ደብተር መስመር በጣም ደብዛዛ ነው። ባለሱቁን እነግረዋለሁ።

ነሐሴ 16

ጾሙ ተፈታ። ጎረቤት ጠራን። ትንሽ ክትፎ ቀመስኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ሁለት ጣባ ነው። ሚስቴ ብርሃኔ ከሴቶቹ መሀል ሆና በዓይኗ ስትከለክለኝ ነበር አሉ፤ እኔ አላየኋትም።

ቀን ሥራ ነበር። ቡታጅራ፣ እንሴኖ፣ ቆሼ፣ እንደገና ቡታጅራ። ዱባለ አሰለቸኝ። ዱባለ የብርሃኔ ታላቅ ወንድም ነው። ሚኒባሷን አብረን ነው የገዛናት፤ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ በሩን ይይዛል። በዚያ ዕድሜው በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ ወጣቶቹ ረዳቶች ይስቁበታል፤ እሱ ግን ግድ የለውም። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከቡታጅራ ቆሼ ድረስ አሥር ቃል አይወጣውም ነበር። አሁን አፉ አያርፍም። በግራ ከብት አለ ይለኛል። ባጃጅ እየገባ ነው ይለኛል። ጉድጓዷ ደረሰች ይለኛል። እኔ ጎልማሳ ከመሆኔ በፊት ጀምሬ የነዳሁበትን መንገድ ሊያስተምረኝ ነው። ተሳፋሪ ፊት ስለሆነ ዝም አልኩት።

ነሐሴ 21

ዛሬ ደም ሰጠሁ። ሩፋይዳ ብልቃጡን በማሽን አሽከርክራ ስታወጣው አየችና ቆም አለች። ደም ሲሽከረከር ቀዩ ወደ ታች ይወርድና ከላይ እንደ ቀጭን ሻይ ያለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። የሌሎቹ እንደዚያ ነበር። የእኔ ከላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ወተት ነው የሚመስለው። እንዲያውም ወተት አይደለም፤ ቀዝቅዞ ሊረጋ የቀረበ ቅቤ ነው የሚመስለው።

ትናንት ማታ ምን በሉ ጋሼ አለችኝ። ሽሮ አልኳት። እውነቴን ነው፤ ትናንት ሽሮ ነበር። ቅቤ ነበረበት እንጂ።

በሚቀጥለው ሳምንት በደንብ ጾሜ እንድመጣ ነገረችኝ። ቁጣ የለባትም፣ እሱ ነው የሚከብደው።

ነሐሴ 28

ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ከውሃ በቀር ምንም ሳልቀምስ ሄድኩ። ያው ነጭ ነው።

በዚህኛው ሰበብ አልነበረኝም። ሩፋይዳ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ስኳር ደም ውስጥ ሲከማች ብረት እንደሚዝግ ሁሉ ሰውነትም ከውስጥ የሚዝግበት ነገር አለ። ለነገሩ ረዥም የፈረንጅ ስም አለው፤ እሷ ግን ዝገት ይበሉት አለችኝ። ዝገቱ ቅባቱን ያበላሸዋል፣ የተበላሸው ቅባት ደግሞ የደም ስር ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ይሄማ ይገባኛል። ዘይት ሳይቀየር ብዙ ሲነዳ ይጠቁራል፣ ይወፍራል፤ ሞተሩ ግን ወዲያው አይቆምም። ለጊዜው ይሄዳል። ጆሮ ያለው ሾፌር ድምፁ እንደተለወጠ ይሰማዋል፣ የሌለው ደህና ነኝ ብሎ ይነዳል። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ወልቂጤ ሄዳ ለአስተማሪዋ እንደምትነግረው ነገረችኝ።

ቀጫጭኖቹ ስሮች ቀድመው ይጎዳሉ አለች። ሦስት ነገር ጠራች። ኩላሊትና እግር። ሦስተኛውን ረሳሁት።

ሐኪሙ ዘንድ ይዛኝ ገባች። የቅባት ኪኒን ተጨመረልኝ። ሌላም ምርመራ አዞልኛል፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሰልፍ ስለነበረው ተመለስኩ።

ጳጉሜን 3

ፓራብሬዛው አርጅቷል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያበራ ብርሃኑ መስታወቱ ላይ ይበተንና ሁሉም ነገር ነጭ ይሆናል። የመስቀል ሥራ ሳይጀመር መቀየር አለበት። ዱባለ መስታወቱ ምንም አልሆነም አለ። ተጨቃጨቅን።

ምሳ፦ ምስር። ማታ፦ ቆጮ፣ ዓይብ። ኪኒን ሁለቱንም።

መስከረም 2

አዲስ ፓራብሬዛ አስገባን። እንደ አሮጌው ነው። የዘንድሮ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ሆነ።

መስከረም 7

ለክትትል ሄድኩ። ሐኪሙ ያዘዝኩልህን ምርመራ ለምን አልሄድክም አለኝ። ከመስቀል በኋላ አልኩት። ይህ ለሾፌር ቀልድ አይደለም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከመስቀል በፊት አንድ የጉራጌ ሾፌር መኪናውን አቁሞ ሐኪም ቤት ሲሰለፍ ታይቶ አይታወቅም። አገሩ በሙሉ ከአዲስ አበባ እየገባ ነው፤ ከቡታጅራ እስከየመንደሩ ማን ያድርሳቸው?

ስመለስ ዱባለ ምን አሉህ አለኝ። ቅባት ቀንስ አሉኝ አልኩት። ሌላስ አለ። ሌላ የለም አልኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

መስከረም 12

ሲፈን መጣች። አንድ ልጃችን ናት፣ አዲስ አበባ ባንክ ቤት ትሠራለች።

መናኸሪያ ልቀበላት ሄጄ የማልፈልገው ነገር ሆነ። ሰው እንደ ጉንዳን ነው፣ ሻንጣ፣ ማዳበሪያ፣ በግ፣ የሚጣራ ረዳት። የመጣችበት አውቶቡስ በር ላይ ቆሜ የሚወርደውን አያለሁ። አንዲት ሴት ወርዳ ፊቴ ቆመች። ቦታ ለቀቅሁላት። አልሄደችም። ሻንጣ ላውርድልሽ እህቴ አልኳት።

«አባዬ፣ እኔ እኮ ነኝ» አለች።

ሳቅሁ። ፀጉርሽን ምን አደረግሽው አልኳት። ምንም አላደረገችውም። አቀፈችኝና ትንሽ ቆየች። መንገዱን ሁሉ ከኋላ ሆና ስታየኝ ነበር፤ አይታየኝም ግን ይታወቀኛል።

ሕዝቡ ብዙ ነበር። ፀሐይም ከፊቴ ነበረች።

መስከረም 15

እርዱ ዛሬ ነበር። ደክሞኛል፤ ግን ልጻፍ።

ብርሃኔ ለእኔ ቀዩን ብቻ ለይታ፣ ቅቤውን በማንኪያ ጫፍ አድርጋ አቀረበችልኝ። ዓመቱን ሙሉ ለመስቀል ብላ ያጠራቀመችው ቅቤ ነው፤ ቤቱ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። ከእሷ ፊት ያቀረበችልኝን በላሁ። ቆይቶ የዱባለ ቤት ሄድን፣ ከዚያ የጎረቤት፣ ከዚያ የሌላ ጎረቤት። በመስቀል እምቢ የሚባል ነገር የለም። በእያንዳንዱ ቤት ዛሬ ብቻ አልኩ።

ሥጋ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የእኔ ሥራ ነው። ዘንድሮ ጣቴን ቆረጥኩት። ቢላው ነው፣ አዲስ ስለተሳለ።

ጣቴን ታጥቤ ስመለስ ሲፈን ለእናቷ ስታወራ ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁ። አባዬ ብርጭቆውን ሲፈልግ እጁ ጠረጴዛውን ይዳብሳል አለቻት። ብርሃኔ ደክሞት ነው አለች። ሰላሳ ዓመት አብሬያት ኖሬያለሁ፤ የምትዋሽበትን ድምፅ አውቀዋለሁ።

ሳል አልኩና ገባሁ።

መስከረም 22

ሲፈን ተመለሰች። ከእኔ ጋር አዲስ አበባ ሄደህ ታከም ብላ ለመነችኝ። ለምኑ አልኳት። ሲመሽ አትንዳ አለችኝ። ይህን የምትለው ለአባቷ ሳይሆን ለሕፃን ይመስል ነበር።

ከሰዓት ከዱባለ ጋር ተጣላን። እንሴኖ መግቢያ ላይ አንድ ብስክሌተኛ ነበር፤ በደህና አልፌዋለሁ። ዱባለ ጮኸ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ደነገጠ። ሰው ካወረድን በኋላ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለን የልቤን ነገርኩት። በሰው ፊት አዋረድከኝ፣ እንደ ተማሪ ሾፌር መንገድ እየጠራህ ታስነዳኛለህ አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ተካ፣ ዓይንህን ታይ። እስክትታይ ድረስ እኔ ሰው ጠርቼ እዚች መኪና ውስጥ አልከትም» አለኝ።

ከዚያ ወረደና በእግሩ ሄደ። ከእንሴኖ ቡታጅራ በእግር አይኬድም፤ ሌላ መኪና ተሳፍሮ ይሆናል።

አማች ባዕድ ነው ይባላል፤ እውነት ነው።

መስከረም 25

አዲስ ረዳት ይዣለሁ፣ አምሀ ይባላል። ስልኩን ሲጎረጉር ይውላል እንጂ አይለፈልፍም። ተገላገልኩ።

ዛሬ በጣም ቀስ ብዬ ነዳሁ። ተሳፋሪዎች አጉረመረሙ።

መስከረም 29

ቁርስ ምሳ መጻፍ ትቻለሁ። ሩፋይዳ ደውላ ነበር፤ ጠዋት አላነሳሁም፣ ከሰዓት መልሼ ደወልኩ። ያዘዙልዎትን ምርመራ ሄዱ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን አሉዎት አለች። ደህና ነው አሉኝ አልኳት። በጣም ደስ አለኝ ጋሼ አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ እውነተኛ ደስታ ነበረበት።

ለምን እንደዋሸኋት አላውቅም። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች።

ጥቅምት 4

ቆሼ መንገድ ላይ። ጋሪ። ሰው አልሞተም። ሰው አልሞተም።

ጥቅምት 5

ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። አሁን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከቆሼ ስመለስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ያቺ ሰዓት ናት የምትከብደኝ፤ ቀን ሲሆን ቀን ነው፣ ሲጨልም የራሴ መብራት አለ፤ መሀል ላይ ያለችው ግን ሁሉንም ነገር አንድ ዓይነት ግራጫ ታደርገዋለች። ከፊት የጭነት መኪና ረዥሙን መብራት አብርቶ መጣ። ነጭ ሆነ። ጥጌን ያዝኩ። ከዚያ ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት ሲሰበር፣ ፈረስ ሲጮህ።

ወርጄ ስሮጥ አስፋልቱ በሙሉ ቀይ ነው። እዚያው ተቀመጥኩ። ደም መስሎኝ ነበር። በርበሬ ነው። የማረቆ በርበሬ፣ ማዳበሪያው ተቀዶ መንገድ ላይ የተዘረገፈ። ይህን ያወቅሁት በዓይኔ አይደለም፤ ሽታው አስነጠሰኝ።

ጋሪው ጥግ ይዞ እየሄደ ነበር። ከኋላ መታሁት። የሚነዳው ሰው ዘሎ ወርዷል። ከማዳበሪያው ላይ ተቀምጣ የነበረችው ልጁ ወድቃ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። ፈቲሀ ትባላለች። አባቷ አቶ ሙሀመድሰይድ፣ የእንሴኖ ሰው ናቸው፤ በርበሬ ነጋዴ። ፊታቸው ተጭሯል። በዚያ ሁሉ መሀል አልሰደቡኝም። ራሷን ቀና አድርገው ይዘው ስሟን ደጋግመው ይጠሯት ነበር።

በራሴ መኪና ልወስዳት ስል አምሀ ሌላ መኪና አስቁሞ ነበር። እሱ ይውሰዳት አለ። የሚነዳው ወጣት ነው፣ አላውቀውም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ የልጅቷን ጫማ ይዤ ሄድኩ።

ከሆስፒታል ወደ ቦታው ስመለስ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ለካ። ጋሪው ከኋላው አንጸባራቂ የለውም፣ ሰዓቱም የመሸ ነው ብሎ ጻፈ። መንጃ ፈቃዴን አይቶ መለሰልኝ። ብዙ ዓመት ያለ አደጋ ነድተሃል፣ አይዞህ አለኝ።

ጥቅምት 8

ሆስፒታል ሄድኩ። የፈቲሀ እግር በጀሶ ታስሯል። ሲያመኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ አለችኝ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ለኅዳር ሠርጓ ነበር፤ ተላልፏል። ይህን የነገረችኝ አጠገቧ ያለች አስታማሚ ናት፣ እሷ አልነገረችኝም።

አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ነበር። አላህ ያመጣው ነው፣ አንተም ራስህን አትጉዳ አሉኝ። ብርቱካን ይዤ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ቤት ስመለስ ብርሃኔ ኩሽና ውስጥ ስታለቅስ አገኘኋት። የዱባለን ነገር ያኔ ነው የነገረችኝ። ከፋሲካ ጀምሮ ታውቃለች። በር ሳልፍ ትከሻዬ እንደሚመታ፣ ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ እንደማፈስ ታያለች። ብትነግረኝ እንደምቆጣ ስለምታውቅ ወንድሟን ለመነችው፤ አጠገቡ ሆነህ መንገዱን ንገረው፣ ዓይን ሁነው አለችው። እምቢ ብሏት ነበር። እግሩ ላይ ወደቀች።

«እኔ ነኝ ያስነዳሁህ» አለችኝ።

አንቺ አይደለሽም ማለት ነበረብኝ። ልል ስል ዱባለን ያማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምሳ አልበላንም።

ጥቅምት 9

ሩፋይዳ ያኔ የጠራችው ሦስተኛው ነገር ዓይን ነው። አልረሳሁትም ነበር።

ጥቅምት 14

ዛሬ እንሴኖ ለሽምግልና ተቀመጥን። ከነሱ ወገን ሦስት፣ ከእኛ ወገን ሦስት ሽማግሌዎች። የአቶ ሙሀመድሰይድ ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር። ዱባለም መጣ። ከእኔ ጋር አልተነጋገረም፤ ግን ከእኔ ጎን ተቀመጠ።

አስቀድሜ የማውቀው ነገር ነበር፤ ሁሉም እንዲቀልልኝ ፈልገዋል። የሕክምናውን እንድችል፣ ጋሪውን እንዳሠራ፣ ከዚያ ተቃቅፈን እንድንለያይ። ትልቁ ሽማግሌ ነገሩን ሲያጠቃልሉ ክፋት የለበትም አሉ። መሽቷል፣ ጋሪው መብራት የለውም፣ ሾፌሩ የታወቀ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የጨለማው ነው አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትስማማለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ።

እሺ ብል አልቆ ነበር። በበነጋው ቁልፌን ይዤ መናኸሪያ እገባ ነበር።

«ጨለማው አይደለም» አልኩ። «ዓይኔ ነው። ከስንት ወር ጀምሮ በደንብ አላይም። ልጄን ፊቴ ቆማ አላወቅኋትም። እያወቅሁ ነው የነዳሁት።»

ከቤቱ ውስጥ አንዲት ሴት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ የፈቲሀ እናት መሆናቸውን በኋላ ነው ያወቅሁት። የዱባለ ትንፋሽ ይሰማኛል። ትልቁ ሽማግሌ ይህን ባትናገር ይሻልህ ነበር ልጄ አሉኝ፣ በቁጣ ሳይሆን እንደ ማዘን ብለው። ከነሱ ወገን አንዱ ወጣት ብድግ ብሎ ሰዎች ጭነህ ነበር እኮ፣ ሕፃናት ጭነህ ነበር እኮ አለኝ። እውነቱን ነው።

አቶ ሙሀመድሰይድ እጃቸውን አነሱና ወጣቱ ተቀመጠ።

«ዓይንህን ምን ነካው?» አሉኝ።

«ስኳር ነው። ስኳርና ቅባት።»

ሌላ አልጠየቁም። ፊታቸው የነበረውን ውሃ ጠጡ፣ ብርጭቆውን አስቀመጡና ሌላ እንዲቀዳላቸው ጠየቁ። ከዚያ መንጃ ፈቃድህን ለእነዚህ ሰዎች ስጥ፤ ልጄ እስክትድንም ሆነ ከዳነች በኋላ እንዳትነዳ አሉ። ያ ብቻ ነው የምጠይቀው አሉ። ሰጠሁ። ዱባለ ከኪሴ አወጣልኝ።

ስንመለስ በሰው መኪና ነበርን። ዱባለ መስኮቱን ከፍቶ ነበር። ቡታጅራ ስንገባ ክትትሉ ማክሰኞ ነው አይደል፣ እኔ እወስድሃለሁ አለኝ።

ጥቅምት 19

የዓይን ክፍሉ ሰልፍ እንደፈራሁት ረዥም አልነበረም። ይህ ነው የሚያሳዝነው።

ጠብታ አደረጉልኝና ብዙ ጠበቅሁ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በመሣሪያዋ ከዓይኔ ጀርባ ስታይ ዝም አለች፤ የሐኪም ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ዘንድሮ ለይቼ አውቄያለሁ። ቀጫጭኖቹ ስሮች ፈንድተው ደም አፍስሰዋል፣ ቅባትም እንደ ቢጫ ነጠብጣብ ተጠራቅሟል አለችኝ። የግራው ብዙ ተጎድቷል። የቀኙ በሌዘር ጨረር ሕክምና ያለውን ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ የጠፋው ግን አይመለስም።

መቼ ብመጣ ነበር የሚሻለው ብዬ ጠየቅኋት። ደግ ናት፤ ዛሬም መምጣትህ ጥሩ ነው አለችኝ።

ኅዳር 3

ሁለት ጊዜ ጨረር ተደርጎልኛል። የቀኙ ዓይኔ በጠዋት ፊደል ይለያል። ይህን የምጽፈው ሲፈን በላከችልኝ ወፍራም እስክሪብቶ ነው፤ አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቃል አይገባም።

ለሚኒባሷ ሾፌር ቀጥረናል። ዱባለ በሩን ይይዛል። ጠዋት ጠዋት ሲነሱ ሞተሩን ከቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ዘይት መቀየር አለባችሁ አልኳቸው።

ለክትትል ስሄድ ሩፋይዳ ነበረች፤ ሥራዋን ጨርሳ የሁላችንንም ውጤት ለሐኪሞቹ ልትሰጥ መጥታ ነው። ዋሽቼሽ ነበር አልኳት። ሰምቻለሁ አለችኝ። ከእኔ የወሰደችው ደም ጥናቷ ውስጥ ገብቷል። ቅባታችን የበዛው ሰዎች ዝገቱም በዝቶብን ነው የተገኘነው፤ የትኛው ከየትኛው እንደቀደመ ግን የእኔ ጥናት አይናገርም አለችኝ። ስንት ሰው ያለኝን አላምን ብዬ ነበር፤ እሷ አላውቅም ስትል ጊዜ አመንኳት።

ደሜን እንደገና ስታይ ነጭነቱ ቀንሷል። ቢጫ ነው ለማለት ግን ገና ነው።

ኅዳር 9

ዛሬ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ብርሃኔ ከፈተች። አሰላሙ አለይኩም የሚል ድምፅ ሰማሁና ብድግ አልኩ፤ አቶ ሙሀመድሰይድ ናቸው። ፈቲሀ አንድ ነገር ሆነች ብዬ ነበር።

ፈቲሀ ደህና ናት። ጀሶው ተፈቷል፤ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ይህን ሁሉ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ስለ በርበሬ ዋጋ አወሩ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ። የመጡበትን አልተናገሩም። ብርሃኔ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ጠጡና ደገሙ። እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለፈው አርብ ከመስጊድ ስመለስ አንዱ ጫማዬ መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቷል። ያወቅሁት ቤት ደርሼ ነው» አሉኝ። «እግሬ አይሰማኝም፣ ተካ። ልጆቼ አያውቁም።»

ምን ያህል ጊዜ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እንደ እኔው ነው የመለሱት፤ ትንሽ ጊዜ ነው፣ ድካም ነው፣ ዕድሜ ነው። ከዚያ ራሳቸው ቆም አሉ።

ያንን ደም የሚያዩበት ቦታ የት ነው አሉኝ። ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን አልኳቸው። ቡታጅራ የእህታቸው ልጅ ቤት ያድራሉ። ብርሃኔ ቆጮና ዓይብ ይዛ ስትመጣ እሳቸው እንዳይበሉ ከለከልኳት። እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም ብላ ተቆጣች። ለነገ ምርመራ ነው አልኳት። ተያየን፤ ገባት፤ ሳህኑን ይዛ ተመለሰች።

ኅዳር 10

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ መጡ። ባጃጅ ልጥራ ስል ቅርብ ነው፣ በእግር እንሂድ አሉ። እኔ ጉድጓዱን አላይም፣ እሳቸው ድንጋዩ አይሰማቸውም። ክንዴን ያዙ። ዝቅ ያለ ነገር ሲኖር እሳቸው ይነግሩኛል፣ እግራቸው ሲንሸራተት እኔ አጥብቄ እይዛቸዋለሁ። ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች ያዩን ነበር፤ ጋሪውና ሚኒባሱ ዛሬ አብረው ይሄዳሉ ብለው ይሆናል።

ሆስፒታሉ በር ላይ ትንሽ ቆሙ። የሚያስፈራ ነገር አለው ወይ አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ሰልፉ ረዥም ነበር። ከኋላ ቆምን።